የልጄን ቶንሲል ያሰራሁበት የካዛንቺስ ክሊኒክ፣ በተለይ ስለ ሰመመኑና ስለ አነቃቁ

ሰላም ለሁላችሁ። ይሄ ካዛንቺስ አካባቢ ስላለ አንድ የጆሮ የአፍንጫና የጉሮሮ ክሊኒክ ነው፣ ትንሹን ልጄን (አራት አመቱ ነው) ቶንሲሉንና ከአፍንጫ ጀርባ ያለውን አዴኖይድ የሚባለውን ያስወጣሁበት። ስሙን አልጽፍም፣ ማስታወቂያ እንዲመስል አልፈልግም፣ ደሞ ዋናው ሃሳቤ ሰው ሁሉ እዛ እንዲሄድ ሳይሆን የትም ቢሄድ ምን መጠየቅ እንዳለበት እንዲያውቅ ነው። ሰርጀኑ ጎበዝ ነው ወይ የሚለውን ሁሉም ይጠይቃል፣ ስንት ያስከፍላሉ፣ ማደር አለ ወይ፣ ማሽኑ አዲስ ነው ወይ ይባላል። ልጄን ማን ነው የሚያስተኛው፣ ሲነቃስ አጠገቡ ማን ይሆናል ብሎ የሚጠይቅ ግን ብዙም አላየሁም። እኔ አሁን ክሊኒክ የምመዝነው በዚህ ነው።

ለምን እንደሆነ ላስረዳ። ትልቋ ልጄ ሶስት አመቷ እያለ ሌላ ቦታ፣ እሱም ስሙ ይቅር፣ ይሄንኑ ኦፕራሲዮን ተሰርታ ነበር። ኦፕራሲዮኑ ላይ ምንም አልልም፣ ጥሩ ነበር። ስትነቃ ያየነው ነገር ግን ከቤተሰቡ ልብ አልወጣም። ጮኸች ስላችሁ ልጅ ሲያመው እንደሚያለቅሰው አይደለም፣ አይኗ ፍጥጥ ብሎ ክፍት ነው ግን አያየኝም፣ አቅፌያት እያለሁ «እማዬ እማዬ» እያለች ትጣራለች፣ አለሁ ስላት ትገፋኛለች፣ ትራገጣለች፣ እጇ ላይ የተሰካውን የግሉኮስ መርፌ ነቅላው ልብሴ ሁሉ ደም ሆነ፣ ሁለት ሰራተኞች መጥተው እጅ እግሯን ጥፍንግ አርገው ያዟት፣ እሱ ጭራሽ አባሰባት። ያሉን ነገር ቢኖር «ኖርማል ነው ይለቃታል» ብቻ ነው። ኖርማል ከሆነ ለምን ቀድሞ አልተነገረንም? እናቴ እዛው ቆማ በስመአብ እያለች ነው፣ ጠበል ይምጣ አለች፣ እኔ ደሞ ኦክስጅን አጥሯት ጭንቅላቷ ተነክቷል ብዬ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ግማሽ ሰዓት ገደማ ከሆናት በኋላ እንቅልፍ ወሰዳት፣ ከዛ ምንም እንዳልተፈጠረ ተነስታ ጁስ ጠየቀች። ዛሬም ብትጠይቋት አንዱንም አታስታውስም።

ስለዚህ ለትንሹ ማታ ማታ ማንኮራፋቱ ብሶ ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ሲያስቸግረን፣ ዶክተሩ መውጣት አለበት ሲሉኝ፣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ስለ አነቃቁ ነው። እሳቸውም እሱን የሚመልስልሽ የሰመመን ባለሙያዋ ናት ብለው ለሷ ቀጠሮ አስያዙኝ። ይሄን ራሱ እንደ ትልቅ ነገር ነው የማየው። ብዙ ቦታ አኔስቴቲስቱን (የሰመመን ባለሙያውን) የምታገኙት ልጁ ጋውን ለብሶ በር ላይ ሲደርስ ነው፣ ያኔ ደሞ መፈረም እንጂ መጠየቅ የለም። እዚህ ግን ከኦፕራሲዮኑ በፊት ተቀምጣ ስለ ትልቋ ያወራሁትን ሁሉ ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፣ ጻፈችው፣ ከዛ «እህቴ፣ ይሄ ስም ያለው ነገር ነው» አለችኝ።

ስሙ ኢመርጀንስ ዴሊሪየም ነው፣ ልጁ ከሰመመን ሲወጣ የሚመጣ መደናገርና መረበሽ ማለት ነው። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው የሚታየው፣ ባብዛኛው ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ በራሱ ይለቃል፣ አንዳንዱ ላይ ከዛም ይረዝማል። በብዛት የሚያጠቃው ከ2 እስከ 5 አመት ያሉትን ነው። የጆሮ የአፍንጫና የጉሮሮ እንዲሁም የአይን ኦፕራሲዮን ላይ ይበዛል። ምን ያህል ልጆች ላይ ይከሰታል ብዬ ስጠይቃት ጥናቶቹ በጣም ይለያያሉ አለችኝ፣ ከ10 በመቶ እስከ 80 በመቶ የሚሉ አሉ፣ ምክንያቱም አንዱ ትንሽ መነጫነጩንም ይቆጥራል ሌላው ከባዱን ብቻ። ለምን እንደሚመጣ ሙሉ በሙሉ አልታወቀም፣ ግን እንዲገባኝ ያለችኝ አንጎል በአንዴ እኩል አይነቃም፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ ሳሎኑ በርቶ ጓዳው ገና ጨለማ እንደሚሆነው ነው፣ ልጁ መጮህና መራገጥ ይችላል ግን የት እንዳለ ማን እንደያዘው የሚያውቀው ክፍል ገና አልተነሳም። እናቴም አብራኝ ነበረች፣ ይሄን ስትሰማ «እና ያቺ ልጅ አልተለከፈችም ነበራ» አለች። ባለሙያዋ አልሳቀችባትም። «እማማ፣ ጸሎቱን አይተዉ፣ ግን ይሄ ከመድሃኒቱ የሚመጣ ነው፣ ብዙ አገር ብዙ ልጅ ላይ ይታያል» ነው ያለቻት። እናቴ ከዛ በኋላ የተረጋጋችው መረጋጋት ለኔም ተረፈ።

አንድ የሚያጋልጥ ነገር ደሞ ጋዙ ነው። አሁን ልጆች በብዛት የሚተኙበት ሴቮፍሉሬን የሚባል ጋዝ ሽታው አይከብድም፣ ቶሎ ያስተኛል ቶሎም ያነቃል፣ ጃፓን ውስጥ በፈረንጅ 1990 ነው ስራ ላይ የዋለው። ከሱ በፊት ከ1956 ጀምሮ የነበረው፣ እኛም አገር ለረጅም ጊዜ ዋናው የነበረው ሃሎቴን ነው፣ እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚያነቃው፣ እንዲህ አይነቱ መረበሽም ሲያነሳ አነስ ያለ ነው፣ ግን ልብና ጉበት ላይ የራሱ ጣጣ አለው። ስለዚህ ሴቮፍሉሬን መጥፎ ነው ማለት አይደለም፣ ለልጅ ደህና የሚባለው እሱ ነው፣ ይሄን አንብባችሁ ልጄን በዛ እንዳታስተኙት ብላችሁ እንዳትከራከሩ። ኬታሚን የሚባለው የማስተኛ መድሃኒትም ሲነቁ ሊያቃዥ ይችላል፣ እሱ ግን ከልጆች ይልቅ አዋቂዎች ላይ ይብሳል አለችኝ።

የሚገርመው ግን ብዙው መከላከያ የሚሰራው ከመድሃኒቱ በፊት መሆኑ ነው። ፈርቶ እየጮኸ ታፍኖ የተኛ ልጅ ሲነቃም የመረበሽ እድሉ ከፍ ይላል፣ ይሄ በጥናት የታየ ነው። ትልቋን አስታወስኩ፣ ከእጄ ነጥቀው ነበር የወሰዷት፣ በሩ ሲዘጋ ጩኸቷ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ይሰማ ነበር። እዚህ ግን ባለሙያዋ ለልጄ የአፍና አፍንጫ ማስኩን ሰጠችው፣ ቤት ውሰደው አለችው፣ እየተነፈሰበት ለአሻንጉሊቱ እያደረገ እህቱን እያስተኛ ተጫወተበት፣ በኦፕራሲዮኑ ቀን አዲስ ነገር አልነበረም ለሱ። እንዳትዋሹት ብላም አጥብቃ ነገረችን። «መናፈሻ ነው የምንሄደው» ብሎ ክሊኒክ ማምጣት የለም፣ ጉሮሮህን ዶክተር ያይልሃል፣ ትተኛለህ፣ ስትነቃ ትንሽ ያምሃል፣ እማዬ አለች፣ በቃ ይሄን ያህል።

ሌላው ጾሙ ነው። እኛ ጋ የተለመደው «ከማታ ጀምሮ ምንም እንዳይቀምስ» ነው፣ ከዛ ወረፋው ይረዝምና ልጁ እስከ ቀትር ውሃ ጠምቶት ተርቦ እየተነጫነጨ ይገባል። እዚህ የሰጡን መመሪያ ምግብና የላም ወተት 6 ሰዓት ሲቀረው፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት ሲቀረው፣ ጥርት ያለ ፈሳሽ ማለትም ውሃ፣ በስኳር የተበጠበጠ ውሃ፣ ምንም ዝቃጭ የሌለው የፖም ጁስ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል የሚል ነው። ይሄ በብዙ አገር ያለ ህግ ነው፣ ውጪ አሁን ለልጆች ጥርት ያለ ፈሳሽ እስከ 1 ሰዓት የሚፈቅዱም አሉ። እነሱ እንዳሉኝ አደረግኩ፣ ሌሊት ቀስቅሼ ስኳር ውሃ አጠጣሁት፣ ጠዋት ሲገባ ልጁ ልጅ ነበር። እናንተ ግን የራሳችሁ ክሊኒክ ያላችሁን ነው ማድረግ ያለባችሁ፣ እንደሌላ ሰው ልጅ ብላችሁ ራሳችሁ እንዳታሻሽሉት፣ ሆዱ ውስጥ ምግብ ካለ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ጉንፋንም ካለበት ደውላችሁ ተናገሩ፣ ቀጠሮ ላለማጣት ብላችሁ እንዳትደብቁ፣ የሚነቃነቅ ጥርስም እንደዛው።

ቀኑ ላይ ጥሩ ያልነበሩም ነገሮች አሉ እሱን አልደብቅም። ጠዋት 1 ሰዓት ኑ ተብለን ደረስን፣ ህጻናትን ቀድመው ያስገባሉ፣ ይሄ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን የመጠበቂያው ክፍል ያሳዝናል፣ ቴሌቪዥኑ ዜና ላይ ሆኖ ይጮሃል፣ ውጪ የግንባታ ጩኸት፣ መብራት ሲሄድ ጄኔሬተሩ መስኮቱ ስር ነው የሚነሳው፣ ወንበሩም ስለማይበቃ እናቶች ልጅ አዝለው ቆመው ነበር። ስለ ልጅ መረጋጋት ይሄን ያህል የሚያውቅ ክሊኒክ ቴሌቪዥን መቀነስ እንዴት ያቅተዋል? ሲስተሯን ቀንሺልን ስላት ወዲያው ቀነሰችው፣ ግን ጠያቂ መጠበቅ አልነበረባቸውም።

ወደ ውስጥ እስኪተኛ አብሬው እንድገባ ፈቀዱልኝ። እዚህ ላይ ባለሙያዋ ያለችኝን ወድጄዋለሁ። እናት መግባቷ ብቻውን ሲነቃ እንዳይረበሽ ያደርጋል ማለት አይደለም፣ የምትጠቅመው የተረጋጋች እናት ናት፣ የምታለቅሺ ከሆነ አባቱ ይግባ አለችኝ። የሚያረጋጋ ሽሮፕ (ሚዳዞላም) አለ፣ አንዳንዱ ልጅ ያስፈልገዋል፣ ከመግባቱ በፊት በደንብ ያረጋጋል፣ ግን ሲነቃ የሚመጣውን ይከላከላል ወይ የሚለው ላይ ጥናቶቹ አልተስማሙም፣ ልጅሽ ደሞ ደህና ነው፣ አልሰጠውም አለችኝ። ስልኬ ላይ የሚወደውን ካርቱን ከፈትኩለት፣ ጭኔ ላይ ተቀምጦ ማስኩን ራሱ ያዘው፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያወራው ሰው አንድ ብቻ ነበር፣ እሷ። ሌሎቹ ዝም ብለው ነው የሚሰሩት። አይኑ ሲከደን ግንባሩን ስሜ ወጣሁ። አጎንብሼ ስወጣ ሲስተሯ «የኔ እናት፣ ሊነቃ ሲል እኛው እንጠራሻለን፣ ከዚህ አትራቂ» አለችኝ።

ከዛ ውስጥ የሚደረገውን አላየሁም፣ ባለሙያዋ የነገረችኝን ነው የምጽፈው። ማብቂያው አካባቢ ጋዙን ዘግታ ፕሮፖፎል የሚባለውን ነጩን መድሃኒት በትንሽ መጠን በደም ስር ትሰጣለች፣ ልጁ ከጋዙ ቀጥታ እየበረገገ እንዳይነሳ ትንሽ ተኝቶ ጋዙ ከሰውነቱ እንዲወጣ። ጭራሽ በጋዝ ሳይሆን በፕሮፖፎል ብቻ የሚያስተኙም አሉ፣ እሱም መረበሹን እንደሚቀንስ ታይቷል። ዴክስሜዲቶሚዲን የሚባል ለዚህ ጉዳይ በጣም የሚመሰገን መድሃኒት አለ፣ ግን እኛ ጋ አሁን የለም ብላ በግልጽ ነገረችኝ። ህመሙን ደሞ ከመንቃቱ በፊት ነው የምትቀድመው፣ ፓራሲታሞልና ሌላ ማስታገሻ ተኝቶ እያለ ይሰጠዋል። አሞት የሚጮህ ልጅና ተደናግሮ የሚጮህ ልጅ ለመለየት ከባድ ነው፣ ህመሙ ቀድሞ ከተያዘ ቢያንስ አንዱ ጥያቄ ይወጣል።

የሪከቨሪ ክፍላቸው፣ ማለትም ልጁ ከኦፕራሲዮን ወጥቶ የሚነቃበት፣ ነው ለኔ ከሁሉ በላይ የሆነው። ትንሽ ናት፣ መጋረጃው ተጋርዶ መብራቱ ቀንሷል፣ ልጄ በጎኑ ተኝቷል፣ የአልጋው ብረት በሁለቱም በኩል ከፍ ብሏል፣ ጣቱ ላይ የኦክስጅን መለኪያው አለ፣ የተሰካው መርፌ እንዳይነቅለው በፋሻ እስከ ክንዱ ተጠቅልሏል። ስሙን እየጠራ ጉንጩን መታ መታ የሚያደርግ ሰው የለም። ትልቋን እንደዛ ነበር ያነቋት፣ «ተነሽ ተነሽ ሚጡ» እያሉ እየነቀነቁ። እዚህ ሲስተሯ እራሱ እስኪነቃ እንጠብቀዋለን አለችኝ፣ እጄን ደረቱ ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ሲነቃ አለቀሰ፣ አዎ አልቅሷል፣ ትንሽ ተወራጨ፣ ጉሮሮዬ አለ፣ ግን አየኝ። አየኝና አንገቴን ያዘ። ለኔ ልዩነቱ እሱ ነው፣ ህመም ያለበት ልጅ እናቱን ያውቃታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ታቅፎ ዝም ይላል።

ሲስተሯ በእጇ ወረቀት ይዛ ምልክት ታደርግ ነበር፣ ምንድነው ስላት አሳየችኝ። ሲኪችና ለርማን የሚባሉ ባለሙያዎች በፈረንጅ 2004 ያወጡት መለኪያ ነው፣ አምስት ነገር ነው የሚያየው፣ ልጁ የሚይዘውን ሰው አይን ለአይን ያያል ወይ፣ የሚያደርገው ነገር አላማ አለው ወይ፣ የት እንዳለ ያውቃል ወይ፣ ይወራጫል ወይ፣ ሲያባብሉት እምቢ ይላል ወይ። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 4 ይሰጠዋል፣ ከ20 ነው፣ ነጥቡ ከፍ ባለ ቁጥር ይብሳል፣ 10ና ከዛ በላይ ከሆነ ኢመርጀንስ ዴሊሪየም ሊሆን ይችላል ብለው ይይዙታል። ትልቋን በአእምሮዬ በዛ ወረቀት ለካኋት፣ ከላይ እስከ ታች ከፍተኛውን ነበር የምታገኘው። ያኔ ይሄን ወረቀት ያየ ሰው ክፍሉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ ብዬ አዘንኩ።

ደሞ ሁሉም ልጅ እንደኔ ልጅ ይነቃል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። አጠገባችን ያለው አልጋ ላይ የነበረች ህጻን ሁሉም ነገር ተደርጎላት እያለ ተነስታ ጮኸች፣ እናቷን ገፋች፣ ልክ የኔዋ የሆነችውን ሆነች። ያየሁት ልዩነት ሰዎቹ ያደረጉት ነገር ነው። ማንም አልጮኸም። መጀመሪያ የኦክስጅን ቁጥሯን አዩ፣ መተንፈሷን፣ ከአፏ ደም እንደሌለ፣ ከዛ ከጣቷ ትንሽ ደም ወስደው ስኳሯን ለኩ፣ ምክንያቱም ኦክስጅን ያጠረው ወይ ስኳሩ የወረደ ልጅም እንደዚህ ሊሆን ስለሚችል ዝም ብሎ «ኖርማል ነው» አይባልም። ፊኛዋ ሞልቶ እንደሆነም አዩ፣ ሽንት የያዘው ልጅ ሁሉ ይረበሻል። ከዛ አንዷ እንዳትወድቅ ብቻ ሰብሰብ አድርጋ ያዘቻት፣ ሳትጨቁናት፣ ሌላዋ ለእናትየው «ልጅሽ ገና አልነቃችም፣ አንቺን መጥላቷ አይደለም፣ ደቂቃ ነው» እያለች ታስረዳለች፣ አኔስቴቲስቷ መጥታ በደም ስሯ ትንሽ መድሃኒት ሰጠቻት፣ ጸጥ ብላ ተኛች፣ ለሁለተኛ ጊዜ ስትነቃ እናቷን አወቀች። እናትየው አልቅሳ ነበር ግን አልደነገጠችም፣ ቀድሞ ተነግሯታላ። እኔ እዛች ሴት ቦታ ሆኜ ስለማውቅ ይሄ ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ አውቃለሁ።

ስለ መድሃኒት አንድ ነገር ሳልል አላልፍም ምክንያቱም እኛን ኢትዮጵያውያንን በቀጥታ የሚነካ ነው። ወደ ቤት ስንወጣ የሰጡን ፓራሲታሞል ነው፣ በኪሎው ተሰልቶ፣ በሰዓቱ፣ እስኪያመው ሳይጠበቅ። ኮዴይን (ለህመምና ለሳል የሚሰጥ መድሃኒት ነው) ያለበት ሽሮፕም ሆነ ክኒን እንዳትሰጡት ብለው በወረቀቱ ላይ አስምረውበታል። ኮዴይን ሰውነት ውስጥ ሞርፊን ወደሚባል ከባድ ማስታገሻ ይቀየራል፣ የሚቀይረው ጉበት ውስጥ ያለ ሲዋይፒ ቱ ዲ ሲክስ የሚባል ኢንዛይም ነው፣ አንዳንድ ሰው ላይ ይሄ ኢንዛይም በጣም ፈጣን ነው፣ ከዛ ሞርፊኑ ይበዛና ልጁ ተኝቶ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። እኛ ጋ ይሄ ፈጣን አይነት ብዙ ነው፣ በፈረንጅ 1996 ኢትዮጵያውያን ላይ ተሰርቶ የወጣ ጥናት ከተጠኑት ሰዎች 29 በመቶው ላይ ይሄን ኢንዛይም የሚያሰራውን ጂን ተጨማሪ ቅጂ አግኝቷል። አሜሪካ የመድሃኒት ተቆጣጣሪው በ2013 ቶንሲል ለወጣላቸው ልጆች ኮዴይን እንዳይሰጥ ከለከለ፣ በ2017 ደሞ ለህመም ብሎ ከ12 አመት በታች ላሉ ለማንም እንዳይሰጥ። ፋርማሲ ስትሄዱ «ለሳል» ተብሎ የሚሰጣችሁን ጭምር ውስጡ ምን እንዳለ ጠይቁ። እና በሰፈር «እንጥሉን አስቆርጡትና ይለቀዋል» የሚሏችሁ ካሉ፣ እኛም ተብለናል፣ እባካችሁ አትስሙ፣ ልጅ በደም መፍሰስና በኢንፌክሽን የሚሞትበት ነገር ነው።

ቤት ከገባን በኋላ ትንሽ ቀናት ሌሊት እየባነነ ያለቅስ ነበር፣ ከኔ አልለይም አለ፣ ሽንቱንም አልጋ ላይ መሽናት ጀመረ፣ ካቆመ ቆይቶ ነበር። ይሄም የታወቀ ነው፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ልጆች ለጥቂት ሳምንት ሊያሳዩት ይችላሉ፣ ፈርተው የገቡት ላይ ደሞ ይበዛል፣ ደውዬ ስጠይቅ አትቆጡት አብራችሁት ተኙ ይለቀዋል ብለው አስረዱኝ፣ ለቀቀውም። ስልክ ማንሳታቸው ራሱ ያስመሰግናቸዋል። ምግቡ ላይ ቀዝቃዛ እርጎ፣ አይስክሬም፣ የቀዘቀዘ አጥሚት፣ ዋናው ፈሳሽ እንዳያቋርጥ ነው። ደም ከአፉ ከመጣ፣ በተለይ ከአምስተኛው እስከ አስረኛው ቀን ባለው ጊዜ፣ ሳትጠብቁ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት ብለውናል፣ እኛ ምንም አልገጠመንም።

ቅሬታዬን ልጨርስ። ሂሳቡ ላይ ግልጽ አይደሉም። መጀመሪያ የነገሩን ዋጋ የሰመመኑንና የሪከቨሪውን አይጨምርም ነበር፣ መጨረሻ ላይ ነው የሰማነው፣ በቴሌብር ስለሚቀበሉ እዛው ከወንድሜ አስልኬ ከፈልኩ እንጂ ለሌላ ሰው ትልቅ ችግር ነው። ጠቅላላውን በወረቀት አስጽፋችሁ ያዙ። ሲያስወጡን የሰጡንም ወረቀት በሙሉ በእንግሊዝኛ ነው፣ እናቴ ናት ቀን ቀን ልጁን የምትይዘው፣ እሷ ልታነበው አትችልም፣ አኔስቴቲስቷ በቃል በአማርኛ ያስረዳችንን ያህል ወረቀቱም በአማርኛ ቢሆን ምን ነበረበት? ሊፍቱ አይሰራም ነበር፣ ገና ከሰመመን የወጣ ልጅ ታቅፌ ደረጃ ወረድኩ፣ ይሄ ቶሎ መስተካከል አለበት። መኪና ማቆሚያ የለም፣ ራይድ ብትጠሩ ይሻላል፣ ሾፌሩ በር ድረስ እንዲገባ ንገሩት።

ከአምስት አራት እሰጣቸዋለሁ፣ አንዱን የቀነስኩት ለሂሳቡና ለመጠበቂያ ክፍሉ ነው። ሌላ ቦታ ቀጠሮ የያዛችሁ ካላችሁ፣ መንግስት ሆስፒታልም ይሁን የግል፣ ቀድማችሁ አኔስቴቲስቱን ላግኝ በሉ፣ ልጄ ስንት ሰዓት ነው ውሃ የሚያቆመው፣ ሲነቃ እጠራለሁ ወይ፣ ቢረበሽ ምን ታደርጋላችሁ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚህ በፊት እሱ ወይ እህት ወንድሙ ሲነቁ የሆኑትንም ሳትረሱ ንገሯቸው። እዚህ ክሊኒክ የምትሄዱ ከሆነ ባለሙያዋ ጠዋት ጠዋት ኦፕራሲዮን ላይ ናት፣ ከሰዓት ነው የምትገኘው፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሪሴፕሽን ደውላችሁ መኖሯን አረጋግጡ፣ ልጁንም ይዛችሁት ሂዱ፣ ማስኩን የምትሰጠው ለሱ ነው።